አስር ልጅ ይዞ የሚሄድ ሀገር አፍሪካ ጨዋታዎች ላይ ምን ይሰራል? ለሳቢያኗ እህታችን የተሰጠ መልስ

የተጠየቀው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «የእህቴ ልጅ 20 አመቷ ነው፣ አባቷ ጅቡቲያዊ ነው፣ ተወልዳ ያደገችው እዛው ነው፣ ፓስፖርቷም የጅቡቲ። 1500 ሜትር ትሮጣለች። ለአፍሪካ ጨዋታዎች በሚዘጋጀው ቡድን ልትያዢ ትችያለሽ ተብላለች። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለነው ቤተሰቦቿ ግን ለሁለት ተከፍለናል። ወንዶቹ ጫት እየቃሙ በርጫ ላይ ሲያወሩ ‹አስር ልጅ ይዞ ሄዶ ባንዲራ አሳይቶ መመለስ ሽርሽር ነው፣ ለኢትዮጵያ ብትሮጥ ይሻላት ነበር› ይላሉ። እኔ ትሂድ ባይ ነኝ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ። ትንሽ ሀገር እዛ ምን ያገኛል? እሷስ ሳትሄድ በፊት ምን ማወቅ አለባት?»

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ እዚሁ ድሬ የመካከለኛ ርቀት አሰልጣኝ ነኝ፣ ከቡድን ጋርም ወጥቼ የቡድን መሪነት ስራ ምን እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ «ለኢትዮጵያ ብትሮጥ» የሚለውን እንጨርሰው ምክንያቱም እሱ ካልተዘጋ ሌላውን ማውራት አይቻልም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የዜግነት አዋጁ (378/1996 ዓ.ም) ደሞ ካንዱ ወላጁ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ከሞላው በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ሌላኛውን ትቼ ኢትዮጵያዊነቴን መርጫለሁ ብሎ ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል ነው የሚለው። ልጅቷ 20 ሞልቷታል፣ ስለዚ በኢትዮጵያ ስም ልሩጥ ብትል መጀመሪያ የጅቡቲን መመለስ፣ ከዛ እዚህ ዜግነት ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት፣ ከዛ ክለብ መፈለግ፣ ከዛ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ላይ ገብቶ መመረጥ ነው። እና ማን ጋር ነው የምትሰለፈው? ጉዳፍ ፀጋይ የቤት ውስጥ 1500ን በ3:53.09 የሮጠች ልጅ ናት፣ ፍሬወይኒ ኃይሉ በ2024 (የውድድር አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ግላስጎው ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ናት፣ ብርቄ ኃየሎም አለች፣ ከነሱ ኋላ ደሞ ስማቸውን ያልሰማናቸው የኦሮሚያና የትግራይ የአማራም ልጆች ተሰልፈዋል። እንዲ አይነት ውድድር ላይ ደሞ አንድ ሀገር ባንድ ርቀት የሚያሰልፈው ቢበዛ 3 ሰው ነው። ይሄን ያልኩሽ ልጅቷን ለማሳነስ አይደለም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1500 አራተኛ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰው እንዲገባው ነው። አራተኛዋ ልጅ ቤቷ ቁጭ ብላ በቲቪ ነው የምታየው።

እና ይሄ የ3 ሰው ገደብ ነው ለትንሽ ሀገር በሩን የሚከፍተው። ኬንያም 3፣ ኢትዮጵያም 3፣ ጅቡቲም ከፈለገች 3። ገደቡ ባይኖር ኖሮ በኛ ርቀት ፋይናል ላይ ከሁለት ሀገር ውጪ ማልያ አናይም ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ሌላ ነገር ደሞ በደንብ አጣሩ፣ የዓለም አትሌቲክስ ህግ ላይ አንድ ሰው አንዴ ለአንድ ሀገር በእንዲህ ያለ ውድድር ከሮጠ በኋላ ልቀይር ቢል 3 አመት መጠበቅ አለበት፣ ከ20 አመት በታችም መቀየር አይቻልም። ስለዚ ማልያውን ስትለብስ አውቃ ትልበስ፣ በኋላ ሀሳቤን ቀየርኩ ብላ በሳምንት የምትቀይረው ነገር አይደለም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አባቷ ሀገር ነው፣ ያደገችበት ነው፣ ያሰለጠናት እሱ ነው፣ መሮጥ ያለባት ለሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አፍሪካ ጨዋታዎች በ1965 ብራዛቪል ላይ ነው የተጀመረው፣ ከዛ 1973 ሌጎስ፣ 1978 አልጀርስ፣ 1987 ናይሮቢ እያለ የመጨረሻው በ2024 መጋቢት አክራ ላይ ተደረገ፣ ቀጣዩ 2027 ግብፅ ነው። ማሞ ወልዴ ሌጎስ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈበት፣ ምሩፅ ይፍጠር 10 ሺውን የወሰደበት ውድድር ነው እኮ ይሄ። እና በርጫ ላይ ያሉት ወንድሞቻችን «አፍሪካ ነው፣ ምን ዋጋ አለው» ካሉ አንድ ነገር አስታውሽልኝ፦ ድሬ ስታዲየም በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ተጫውቶበታል፣ ናይጄሪያ ሞሮኮ ሱዳንና ዛየር እዚህ ከተማ መጥተው ነው የተጫወቱት፣ ሞሮኮም ከዚሁ ምድብ ወጥቶ ነው ዋንጫውን የበላው። የከዚራ ሰፈር ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል። አህጉራዊ ውድድር ለዚህ ከተማ ሰው ባዳ ነገር አይደለም።

ትንሽ ሀገር እንዴት ነው የሚሰራው የሚለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፣ ጅቡቲ እራሷ ናት ትልቋ ምሳሌ፣ እና እውነት ለመናገር የድሬ ሰው ይሄን ታሪክ አለማወቁ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም የተፈፀመው በኛው ሀዲድ ዳር ነው። ከድሬ በባቡር ስትወጪ ሽንሌ አዲጋላ አይሻ ደወሌ እያለ ድንበሩን ካለፍሽ በኋላ የምታገኛት ከተማ አሊ ሳቢህ ናት። አህመድ ሳላህ የሚባለው ማራቶኒስት የተወለደው እዛ ነው።

ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በ1977 ነው። የመጀመሪያ ኦሎምፒኳ 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነበር። ስንት ሰው ይዛ ሄደች? 3። ሦስቱም ወንድ፣ ሦስቱም ማራቶን። እዚህ ጋ ቆም በይና አስቢው፣ አንድ ለመቶ ሜትር አንድ ለቦክስ አንድ ለዋና ብለው መበተን ይችሉ ነበር፣ ሦስት ዘርፍ ላይ ባንዲራ ይታይ ነበር፣ ሦስቱም ማጣሪያ ላይ ቀርተው ይመለሱ ነበር። እነሱ ግን ያላቸውን ሁሉ አንድ ውድድር ላይ ጣሉ። ጃማ ሮብሌ 8ኛ ወጣ፣ አህመድ ሳላህ 20ኛ። በአመቱ በ1985 ሂሮሺማ የዓለም ማራቶን ዋንጫ ላይ ሳላህ በ2:08:09 አንደኛ፣ ሮብሌ ሦስተኛ፣ በቡድንም ጅቡቲ አንደኛ። ነፃነቷን ካገኘች 8 አመት ያልሞላት ሀገር ጃፓንን በሀገሯ በቡድን ስታሸንፍ ማለት ነው። ከዛ ሳላህ በ1987 ሮም ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ በ1991 ቶኪዮ ላይ ሌላ ብር፣ በመሀል በ1988 ሴኡል ላይ የኦሎምፒክ ነሀስ አመጣ። ያቺ ነሀስ እስከዛሬ የጅቡቲ ብቸኛዋ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ናት።

እና ደሞ እኛን የሚነካ ነገር አለ። በ1988 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ የኛው በላይነህ ዲንሳሞ በ2:06:50 የዓለም ክብረወሰን ሰበረ፣ ለ10 አመት ያልተነካ ሰዓት። ያን ቀን ከኋላው ሁለተኛ የገባው ማን ነው? አህመድ ሳላህ፣ በ2:07:07፣ እሱም ከድሮው ክብረወሰን በታች። በዛው አመት ሴኡል ሲመጣ ግን ኢትዮጵያ በፖለቲካ ምክንያት ከኦሎምፒክ ቀረች፣ በላይነህ የዓለም ክብረወሰን ይዞ ቤቱ ቀረ፣ ሳላህ ሄዶ ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። ትልቅ ሀገር ሁልጊዜ ለአትሌቱ የሚሻል አይደለም እህቴ። ለወንድሞቻችን ይሄን ብቻ ብትነግሪያቸው ክርክሩ ግማሽ መንገድ የሄደ ይመስለኛል።

ከሳላህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዛ አያንሌ ሱሌይማን መጣ፣ እሱ ደሞ የእህትሽ ልጅ ርቀት ነው። በ2013 ሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በ800 ነሀስ፣ በ2014 ሶፖት ላይ የ1500 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን፣ በ2016 ስቶክሆልም ላይ የ1000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረወሰን 2:14.20። ልጁ ልምምድ ለመስራት እዚሁ ኢትዮጵያ ደጋ ላይም ይመጣ ነበር። ይሄን ለምን አነሳሁት፣ ትንሽ ሀገር ሁሉንም ነገር ቤቷ ውስጥ መስራት የለባትም፣ አየሩን ከጎረቤት፣ አሰልጣኙን ከሌላ ጎረቤት፣ ገንዘቡን ከኦሎምፒክ ሶሊዳሪቲ (የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የድጋፍ ክፍል) ታመጣለች። ቦትስዋናን ተመልከቺ፣ አማንትሌ ሞንትሾ በ2007 አልጀርስ አፍሪካ ጨዋታዎች ላይ 400 ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ ትሰለጥን የነበረው ዳካር በዓለም አትሌቲክስ ማዕከል ነው፣ ከአራት አመት በኋላ በ2011 ዴጉ ላይ አሊሰን ፊሊክስን በ3 መቶኛ ሰከንድ ቀድማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ለቦትስዋና የመጀመሪያው የዓለም ወርቅ። ከዛ ደሞ ማፑቶ ሄዳ የአፍሪካ ጨዋታዎችን ወርቅ ደገመች። ጋምቢያም አለች፣ ጂና ባስ በ2019 ራባት ላይ 200 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ናይጄሪያም ኮትዲቯርም ነበሩ።

ስለዚ እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ትንሽ ቡድን ሽርሽር የሚሆነው ሲበተን ነው። አስር ልጅ ለአስር ስፖርት ከሆነ አዎ ወንድሞቻችን እውነት አላቸው፣ ባንዲራ አሳይቶ መመለስ ነው። አስር ልጅ ሆኖ ስድስቱ ሯጭ ከሆኑ፣ አንድ አሰልጣኝ አብሯቸው ከአመት አመት ካለ፣ ያ ከባድ ቡድን ነው። የእግር ኳስና የመረብ ኳስ አይነቱን መተው አለባቸው፣ ምክንያቱም ጅቡቲ ያለችው በአፍሪካ ስፖርት ክፍፍል ዞን 5 ውስጥ ነው፣ ከግብፅ ከኬንያ ከኡጋንዳ ከኢትዮጵያ ጋር፣ በቡድን ስፖርት ማጣሪያውን ማለፍ በጣም ከባድ ነው፣ አንድ የኳስ ቡድን የሚበላው ብር ደሞ ስድስት ሯጭ ሁለት አመት ያሰለጥናል። ልጅቷ ቡድኑን ከመቀላቀሏ በፊት እንድትጠይቅ የምፈልገው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስንት ሯጭ ነው የሚሄደው፣ የሯጮቹ አሰልጣኝ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?

የሁለተኛው መልስ «አይሄድም፣ ቦታው ለሀላፊዎች ተይዟል» ከሆነ እኔ እፈራለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ይሄን ሰው አያውቀውም። ትልቅ ሀገር ለአትሌቲክስ ብቻ ቡድን መሪ፣ ሀኪም፣ ማሳጅ፣ ሁለት ሦስት አሰልጣኝ አለው። ትንሽ ሀገር ላይ አንድ ሰው ለሁሉም ስፖርት ይሮጣል፣ ጠዋት ቦክስ ሚዛን ላይ ነው፣ ከሰዓት ጁዶ እጣ ላይ ነው፣ በዛው ሰዓት ስታዲየም ውስጥ የቴክኒክ ስብሰባ አለ። ስብሰባው ላይ የአትሌቱ ስም «ይሮጣል» ተብሎ ካልተረጋገጠ ልጁ ከስታርት ሊስት (ከተወዳዳሪዎች ዝርዝር) ይወጣል፣ በቃ። ሰው ይሄን ትንሽ ነገር ይለዋል ግን አራት አመት ልምምድ እዚህ ጋ ነው የሚቀልጠው። ሌላው ኮል ሩም ነው፣ ከውድድሩ በፊት ተጠርተሽ ቁጥርሽ ማልያሽ ስፓይክሽ (ባለ ሹል ጥርሱ የመሮጫ ጫማ) የሚታይበት ክፍል፣ ሰዓቱ ካለፈ ማንም አይሰማሽም፣ ማልያዋ በሀገሯ ከተመዘገበው የተለየ ከሆነም ችግር ነው። እኔ አንድ ልጅ በአውቶቡስ መዘግየት ኮል ሩም ሲዘጋበት አይቻለሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ያን ቀን ካሰለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ በላይ ያዘንኩት ለሱ ነው፣ የኔ እንኳን ልጅ አልነበረም። ስለዚ ልጅቷ የውድድር ፕሮግራሙን እራሷ ትያዘው፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ የቴክኒክ ስብሰባው መቼ ነው፣ ማን ነው የሚገባልኝ፣ ኮል ሩም ስንት ሰዓት ይከፈታል ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ከመንደሩ ስታዲየሙ በአውቶቡስ ስንት ደቂቃ ነው፣ ሁሉንም ቀድማ ትጠይቅ፣ ሰው ይቆጣኛል ብላ አትፈር።

ጫማ። ይሄ አጭር ነው ግን ብዙ ልጅ ይጎዳል። ከ2024 ህዳር ጀምሮ መም (የስታዲየሙ መሮጫ) ላይ የሚሮጥበት ስፓይክ ሶሉ ከ20 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ሞዴሉም የተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ያ ወፍራሙ የአስፋልት ጫማ መም ላይ አይቻልም። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ፌክ ስፓይክ ለልምምድ ይሁን፣ ለውድድር ግን ኦርጅናል ትያዝ፣ ካልቻለች ፌዴሬሽኑ እንዲያመጣላት ቀድማ ትጠይቅ፣ ለአንድ ሯጭ አንድ ስፓይክ መግዛት ካቃታቸው መሄዳቸውም አያስፈልግም።

አሁን ደሞ የኛ የምስራቅ ሰዎች ጉዳይ፣ ጫት። ይሄን በቀጥታ ነው የምናገረው። ጫት ውስጥ ካቲኖንና ካታይን የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ በውድድር ጊዜ ከሚከለክላቸው አበረታቾች ውስጥ ናቸው። ካታይን ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ጥሰት ነው። «በውድድር ጊዜ» የሚባለው ደሞ የውድድሩ ጠዋት አይደለም የሚጀምረው፣ ከዋዜማው ሌሊት 5:59 ጀምሮ ነው። እዚህ ድሬ ላይ፣ ሀረር ላይ፣ ጅቡቲም ላይ ጫት እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብ ነገር ነው፣ ልጅቷ እናንተ ጋ ለእረፍት ስትመጣ «ትንሽ ቅመሺ፣ ድካሙን ያወጣልሻል» የሚላት ሰው አይጠፋም፣ ያውም በፍቅር። ቤተሰቡ ማገዝ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ለበርጫዎቹ ወንድሞቻችን ይሄን በክብር ንገሪልኝ፣ ከመከራከሩ ይልቅ እሷ ባለችበት ቤት በርጫውን ሌላ ቦታ ማድረግ ትልቅ እገዛ ነው።

የጉንፋን ክኒንም እንደዛው፣ ፕስዩዶኤፌድሪን ያለበት ብዙ አለ፣ በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ ክልክል ነው። አስም ካላት መንፊያዋን ቡድኑ ሀኪም ያውቀው፣ የህክምና ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ወረቀቱ ከሳምንታት በፊት ይሞላል። በቦርሳ ከጎረቤት ሀገር የሚገባውን «ጉልበት ይሰጣል» የሚባል ዱቄትና ክኒን አትንካ፣ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቀውም። የተከለከለ ነገር ሽንቱ ላይ ከተገኘ ጥፋቱ የአትሌቱ ነው፣ «ማን ሰጠኝ» የሚለው ቅጣት ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያድንም።

ስለ ልምምድ ትንሽ ልጨምር፣ እዚህ ላይ እኔም ደስ ስለሚለኝ ነው። ጅቡቲ ባህር ጠለል ላይ ናት፣ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ እዛ በሀምሌ 1500 መስራት ጉዳት ነው። እናንተ ደሞ ያላችሁበት ቦታ ለሯጭ ሀብት ነው፣ ሰው አላወቀውም እንጂ። ድሬ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ነው፣ ደንገጎን ወጥተሽ ሀሮማያ ስትደርሺ ወደ 2000 ትጠጋለሽ፣ ሀረር ወደ 1900። መሀሉ ስንት ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ማለትም ልጅቷ ከፍታው ላይ እየኖረች፣ ሎንግ ራኗንና ቀላል ሩጫዋን ሀሮማያ ሜዳ ላይ እየሰራች፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ጠዋት በማለዳ በሚኒባስ ወርዳ ድሬ ላይ ስፒዷን መስራት ትችላለች። ከፍታው ቀይ የደም ሴሏን ይገነባል፣ ታች ያለው አየር ደሞ እግሯን ፈጣን ያደርገዋል። አውሮፓውያን ይሄን ለማግኘት ሆቴል ተከራይተው ተራራ ይወጣሉ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ካገኘች ይበቃታል፣ ግን የብረት መጠኗን በደም ምርመራ ሳታይ አትውጣ፣ ብረቷ ዝቅ ያለ ሴት ሯጭ ከፍታ ላይ ትደክማለች እንጂ አትጠነክርም። ድሬ ስትወርድ ደሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ሜዳ ላይ ትሁን፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሀይ ልምምድ አያሰራም።

የውድድሩ አይነት እራሱ ለሷ እድል አለው። ሻምፒዮና ላይ 1500 አሯሯጭ የለውም። ዳይመንድ ሊግ ላይ እንደምታዪው ከመጀመሪያው አንስቶ በረራ አይደለም፣ ሁሉም ይተያያል፣ የመጀመሪያው 800 ቀስ ሊል ይችላል፣ ከዛ 400 ሲቀር ይፈነዳል። እንዲህ አይነት ሩጫ ላይ ሰዓቷ ከኢትዮጵያና ኬንያ ልጆች በ8 ሰከንድ የሚዘገይ ልጅ እስከ ደወሉ (የመጨረሻው ዙር ምልክት) ድረስ አብራ ልትሆን ትችላለች። ስለዚ የመጨረሻ 300 ለውጥ ላይ ትስራ፣ ለምሳሌ 1000 ሜትር በውድድር ፍጥነት ሮጣ ሳታርፍ 300 በሙሉ አቅም፣ እረፍት፣ መድገም። ሌላው መገፋፋት ነው፣ ጅቡቲ ውስጥ ብቻዋን እየመራች ስለምትሮጥ አስር ሰው መሀል ተከባ መሮጥ አልለመደችም ብዬ ነው የምገምተው፣ ውስጥ መስመር ላይ ተዘግታ ትቀራለች። እዚህ መጥታ ከወንዶች ልጆች ጋር በግሩፕ ትሩጥ፣ ክርን ይልመድባት።

እና ግቧ ምን ይሁን? ወርቅ አትበሏት። የመጀመሪያዋ ከሆነ ፋይናል መግባት፣ የራሷን ምርጥ ሰዓት ማሻሻል፣ ከዛ የሀገሯን የሴቶች ክብረወሰን ማሳደድ። ፋይናል ውስጥ 12 አካባቢ ሰው ነው የሚኖረው፣ ስምንተኛ ብትወጣ ለዓለም ደረጃ ነጥብ ትይዛለች፣ ነጥቡ ደሞ ወደ ዓለም ሻምፒዮናና ኦሎምፒክ የሚወስድ ሌላ በር ነው፣ ሚኒማ (የመግቢያ ሰዓት) ብቻ አይደለም መንገዱ። ከሁሉም በላይ ግን ውጤቷ በወረቀት ሲኖር የጅቡቲ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የኦሎምፒክ ሶሊዳሪቲ ስኮላርሺፕ ሊያመለክትላት ይችላል፣ ያ በየወሩ የሚከፈል የልምምድ ድጋፍ ነው። ይሄን ከኢትዮጵያ ቡድን ውስጥ ሆና ለማግኘት ከስንቱ ጋር ትሰለፍ ነበር መሰለሽ? ትንሽ ሀገር ውስጥ ጥሩ ሯጭ ከሆንሽ ያንቺን ስም ፕሬዝዳንቱም ያውቀዋል፣ ፋይልሽ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ለእናቷ ደሞ አንድ ነገር፣ ሴት ልጅ በቡድን ስትወጣ ሴት ሀላፊ ወይም ሴት አሰልጣኝ መኖሯን ጠይቁ። በትንሽ ቡድን ውስጥ ሁሉም ሀላፊ ወንድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከማን ጋር ነው ክፍል የምትጋራው፣ ቢያማት ለማን ነው የምትነግረው፣ ይሄን መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው፣ ደህና ፌዴሬሽን ደስ ብሎት ነው የሚመልሰው። መልስ ለመስጠት የሚቆጣ ካለ ያኔ ቆም ብላችሁ አስቡ።

እስከ 2027 ጊዜ አላት። በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለባት ሦስት ነገር ነው፣ ፓስፖርቷ ጊዜው እስከመቼ እንደሆነ ማየት፣ ከፌዴሬሽኑ በእጩነት መያዟን የሚገልፅ ወረቀት መጠየቅ (በቃል የተነገረ ነገር አይቆጠርም)፣ እና እስካሁን የሮጠቻቸውን ሰዓቶች ኦፊሻል ከሆነ ውድድር የተመዘገቡትን ብቻ ለይታ መፃፍ። እነዛን ሰዓቶች ከላክሽልኝ ለሀሮማያውና ለድሬው ልምምድ የ4 ሳምንት ፕሮግራም እፅፍላታለሁ፣ ክፍያ የለውም። እረፍቷ መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፣ ከኔ ልጆች ጋር በግሩፕ እንድትሮጥ ጠዋቱን አመቻቻለሁ።